ባለይዞታ ነኝ የሚል ካለ

ጥቅምት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.
ከገደብ ከተማ በላይ፣ ከቤታችን

ለልጄ ለመሰለች ዳምጠው፣
ዲላ

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ፣ ትምህርትሽስ? ያቺ ከትግራይ የመጣችው የዶርም ጓደኛሽ አክሱማዊት ዝናቡን ለመደችው ወይ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ወገቧን ያማታል። ይህን እንዳልጽፍልሽ አስጠንቅቃኛለችና እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው። ላሚቱ ወልዳለች። ፈረንጆች በሁለት ቃል ሰላም ተባብለው ወደ ጉዳያቸው ይገባሉ ብለው መምህራችን አስተማሩን ያልሽውን ለቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ነግሬያቸው ብዙ ሳቁ። ከብቱን ሳይጠይቁ እንዴት ይሆናል አሉኝ።

የጥያቄ ወረቀትሽን የሚኒባሱ ሹፌር ሳዳም አድርሶልኛል። እኔን ከስድስተኛ ክፍል ያስወጣኝ የጥያቄ ብዛት ነበር፤ አሁን ደግሞ ልጄ አሥራ ሁለት ጥያቄ ይዛ መጣችብኝ። ከራሳችሁ አገር አንድ ቦታ መርጣችሁ በባዕድ ቋንቋ ጻፉ ከተባላችሁና ደኑን ከመረጥሽ፣ እኔም የማውቀውን አልነፍግሽም። ዛፎቹን ማን እንደተከላቸው አላውቅም፤ አያቴም አያውቅም ነበር። ከውስጡ ቅርንጫፍ አይቆረጥም፣ የወደቀም አይለቀምም። ምንጩ በላይኛው በኩል፣ ከትልልቆቹ ድንጋዮች ሥር ነው፤ በበጋም አይደርቅም። የሞቱብን ሁሉ እዚያ ናቸው። ሶንጎው፣ ሽማግሌዎቹ ለፍርድ የሚቀመጡበት፣ ከደጁ ነው።

ሰባተኛው ጥያቄሽ ገረመኝ። «ደኑ የማን ነው?» ትያለሽ። የሩቅ አገር ሰው ቢጠይቀኝ አይገርመኝም ነበር። አንቺ ግን ከአጥሩ ሥር ነው ያደግሽው። የማንም አይደለም። እኛ የምንለው ይህን ብቻ ነው፣ ሌላ አንልም። እንዲሁ አድርገሽ ጻፊው።

በየመልሱ ሥር ፈርም ስላልሽኝ አሥራ ሁለት ጊዜ ፈርሜያለሁ። እናትሽን ሳገባ እንኳ የፈረምኩት አንድ ጊዜ ነው።

አባትሽ ዳምጠው


ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.
ዲላ

ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፣

ይህን ያህል ስለዘገየሁ ይቅር ይበሉኝ። መዘግየቴ በክፉ አይደለም። የእማዬን ወገብ እንዳልሰማሁ ሆኜ፣ የሚቀባ መድኃኒት በሳዳም ልኬያለሁ።

በሌላው ደብዳቤዎ «ይህ የምትማሪው ነገር በመጨረሻ ምን ያደርግሻል?» ላሉኝ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ገና አላወቅኩትም። የትምህርት ክፍሉ ስም ዘመናዊ ቋንቋዎችና የዓለም ባህሎች ነው። ጠዋት ፈረንሳይኛ እንማራለን፣ ከሰዓት ስለ ጃፓን ሠርግ፣ ስለ ሕንድ ቀብር እናነባለን። ማታ ዶርም ስገባ አክሱማዊት በትግርኛ፣ እኔ በጌዴኦኛ እየተሳደብን እንተኛለን። ደስ ይለኛል አባዬ። ለጊዜው ይህ ይበቃኛል።

የደኑ ጽሑፍ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ። የእርስዎን መልሶች አንድም ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ እንግሊዝኛ መለስኳቸው፣ ዋናውን አማርኛ ከነፊርማዎ ከኋላ አያያዝኩት፣ ካርታም ሣልኩለት። ሰባተኛውን መልስ መምህር እስክንድር አስምረውበት «ግልጽና አጭር» ብለው ጻፉበት። በባህል ቀን ሥራችን አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ እንግዶች መጡ። የዚሁ የዲላው ነጋዴ ልጅ ሙሐሲን ስለ አባቱ ሱቅ የጻፈውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ እስካሁን አኩርፏል። ከእኔ ጽሑፍ ፊት ግን ሦስት ሰዎች ግማሽ ሰዓት ቆሙ። አንደኛው በጣም ትሑት ሰው ነው፣ ስለ ምንጩ ደጋግሞ ጠየቀኝ። በበጋ ምን ያህል ይወርዳል፣ ከመንገድ ምን ያህል ይርቃል እያለ። ኮፒ ሲለምነኝ በደስታ ሰጠሁት።

ስምዎ በወረቀት ላይ በዚህ ከተማ ሲዞር ምን እንደተሰማኝ ቢያዩ።

ልጅዎ መሰለች


ታኅሣሥ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.
ከቤታችን

ለልጄ ለመሰለች፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት አዝኜብሽ አይደለም። እናትሽ ደህና ናት፣ መድኃኒቱ ረድቷታል። «ሳዳም ፊቱን አዙሮ አላናግር አለኝ፣ ምን ሆናችሁ?» ላልሽው፣ ምንም አልሆንንም፤ ወረቀትሽን ያመላለሰው እሱ ነውና የጠረጠረው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ቡናውን ለቅመን ጨርሰናል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። ባለፈው ሳምንት አራት ሰዎች በመኪና መጡ። ከየት እንደመጡ ስንጠይቃቸው «ለልማት ነው» ብቻ አሉን። መንገድ አልጠየቁም። በደኑ በታችኛው በር ገብተው፣ ሳይሳሳቱ፣ ምንጩ ዘንድ ወጡ። ሽማግሌው በራሶ ሰማንያ ዓመት የኖረበት ስፍራ ነው፤ እሱ እንኳ በዚያ በኩል ሲገባ ቆም ብሎ ያስባል። ሜትር ዘረጉ፣ ውሃውን በጀሪካን እየሞሉ በሰዓት ለኩት። ሲወጡ በአሥራ ዘጠኝ ዛፎች ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ።

አንደኛው የያዘውን ወረቀት ጠጋ ብዬ አየሁት። ካርታ ነው። የቤታችንን ጣሪያ አውቄዋለሁ፤ ማን እንደሣለውም አውቄያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

መሰለች፣ ያን ኮፒ የሰጠሽው ማን ለሚባል ሰው ነው?

አባትሽ


ጥር 5 ቀን 2001 ዓ.ም.
ዲላ

ለምወድዎ አባቴ፣

ስሙን አልጠየቅኩትም። ስለ ጽሑፌ ሲያመሰግነኝ ስሙን መጠየቅ ረሳሁ። ይህን ስጽፍልዎ ፊቴ ይቃጠላል።

የሙሐሲን አባት ሰምተው ነገሩኝ። ሰውየው ከባለሀብት ጋር ነው የሚሠራው፤ ቡና በእሸቱ እየተረከቡ የሚያጥቡበት ጣቢያ ሊያቆሙ ውሃ ያለው ቦታ ሲፈልጉ ነበር። የእኔን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር አያይዘውታል። «ነዋሪዎቹ ራሳቸው ባለቤት እንደሌለው በፊርማ አረጋግጠዋል» ይላል አሉ። ወደ መምህር እስክንድር ሮጥኩ። ሰባተኛውን መልስ እንደገና አነበቡና «መጠየቅ ያልነበረበት ጥያቄ ነበር፣ እኔም ማስመር አልነበረብኝም» አሉኝ። ለባለሀብቱ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል፣ መልስ አልመጣም።

አባዬ፣ ቀን ከሌሊት ሳስበው መፍትሔው ቀላል ሆኖ ይታየኛል። ባለቤት የለውም ተብሎ ከሆነ የሚወሰደው፣ አንድ ሰው ቀርቦ የኔ ነው ይበላ። ሶንጎው የጠበቀው ደን ነው፣ ምስክር ሞልቷል። ለምን እርስዎ አይሉም? የኔ ነው እንደማይባል ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ለምን እንደማይባል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከልማድ የበለጠ ምክንያት ካለው ይንገሩኝ። ከሌለው ደግሞ፣ እባክዎ፣ ይፈርሙና ይለቅ።

ይቅር ባይሉኝም አይፈረድብዎትም።

መሰለች


ጥር 18 ቀን 2001 ዓ.ም.
ከቤታችን

ለልጄ፣

ይቅርታ አታብዢብኝ። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እጄን ይዞ ያስፈረመኝ የለም።

ጥር አሥራ ሁለት ቀን በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «ባለይዞታ ነኝ የሚል ካለ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይቅረብ፤ የሚቀርብ ከሌለ መሬቱ ባዶ ነው» ይላል። ከሥሩ የእኔ ሰባተኛ መልስ ተገልብጧል፣ ከነስሜ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው አነበበለት። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሰላም ስል መልሱ ያጥራል። ከብቴን የሚጠይቀኝ የለም።

ሽማግሌዎቹ ሰባት ሆነው ገደብ ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ወርደው ነበር። «የሁላችንም ነው» አሉ። የተቀበላቸው ጸሐፊ ክፉ ሰው አይደለም፤ ቅጹ ላይ ለአንድ ስምና ለአንድ ፊርማ ብቻ ቦታ እንዳለ አሳያቸው። እርስ በርስ ተያይተው ተመለሱ።

ለምን አይባልም ላልሽው። የደኑ ባለቤቶች እዚያ የተኙት ናቸው። ስለዚህ የኔ ነው ያለ ሰው ራሱን ከነሱ ቆጠረ ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። እዚህ ያለውም ሰው እንደዚያው ይቆጥረዋል። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ከፈለኝ የሚባለው፣ የኔ ነው ብሎ ነበር፣ ከባላባት ጋር ተጣልቶ፣ በንዴት። በማግሥቱ ጎረቤቱ መጥቶ ደጁ ላይ ለቅሶ ተቀመጠለት። እሱ ቁጭ ብሎ ይበላል፣ እነሱ ያለቅሱለታል። ትንሽ ልጅ ነበርኩና ሳቅኩ፣ እናቴም መታችኝ። ሦስት ወር ሳይሞላው ሞተ።

እኔ ወንጌል ካመንኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ነኝ። ይህን ነገር አላምንበትም፣ በጉባኤም ተናግሬያለሁ። ስለዚህ ዓርብ ለት ለማንም ሳልነግር ወረድኩ። ጸሐፊው ቅጹን ዘርግቶ ስምህን ንገረኝ አለኝ። ውሃ ጠጥቼ ልምጣ አልኩትና ወጣሁ። አልተመለስኩም። እስከ ቤት በእግሬ ነው የመጣሁት።

ይህን ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳትም። ዘጠኝ ቀን ይቀራል። እንደገና እሞክራለሁ። አንቺ እንዳትመጪ። በዚህ ነገር ውስጥ እግርሽን እንዳታስገቢ፣ አባትሽ ነኝ፣ አዝዤሻለሁ።

ዳምጠው


ጥር 29 ቀን 2001 ዓ.ም.
ዲላ

ለምወድዎ አባቴ፣

ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ነው ብልዎ ይቀለኝ ነበር። ደርሶኛል፣ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ።

ማክሰኞ ገደብ ነበርኩ። ሙሐሲንና አክሱማዊት ምስክር ሆነው አብረውኝ መጡ። ወደ ቤት ሳልወጣ በመመለሴ እማዬ እንደምትቀየመኝ አውቃለሁ፤ ብወጣ ኖሮ ግን ያስቀሩኝ ነበር። ጸሐፊው ስሜን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ደኑ የማን ነው አለኝ። የኔ ነው አልኩ፣ ከአያቴ የወረስኩት። ፈረምኩ። ከዚያ ወጥተን ሻይ ጠጣን፣ ሙሐሲን ሁለት ብስኩት በላ፣ ምንም የተለየ ነገር አልሆነም።

ክርክር ስለተነሣበት ልኬታው ቆሟል። ጸሐፊው እንደነገረን በክርክር ላይ ያለ መሬት ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቆያል፤ ባለሀብቱ ያን ያህል አይጠብቅም፣ ሌላ ውሃ ይፈልጋል። ሙሐሲን ከአባቱ እንደሰማው ፍለጋው ተጀምሯል።

አባዬ፣ በዚህ ዓመት ከአራት አገር በላይ የቀብር ልማድ አጥንቻለሁ። ሰው በቃል አይሞትም። ጥፋቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ያነሣሁትም እኔ ነኝ፣ አሁን እኩል ነን። ሰዎች መጥተው የሆነ ነገር ቢያደርጉ አይስሟቸው።

ልጅዎ መሰለች


የካቲት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.
ከቤታችን

ለልጄ ለመሰለች፣

መጥተዋል።

ወሬው ቅዳሜ ደረሰ። እሑድ ጠዋት በር ስከፍት ግቢው ሙሉ ሰው ነው። በራሶ ከፊት፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ቆጮና ጎመን በቅርጫት ተሸክመው። ያን ሁሉ ጊዜ ሰላምታ የነፈጉኝ ሰዎች አንድ በአንድ እያቀፉኝ አለቀሱ። ልጄ በሕይወት አለች፣ ዲላ ናት፣ ትምህርት ላይ ናት እላቸዋለሁ፤ «እናውቃለን፣ ጎበዝ ልጅ ነበረች» ይሉኛል። በክፋት አይደለም። ደኑን ያተረፈችልን እሷ ናት እያሉ ነው የሚያለቅሱልሽ። እናትሽ መጀመሪያ አባረረቻቸው፣ ዱላ ይዛ። ከሰዓት በኋላ ከመካከላቸው ተቀምጣ አገኘኋት።

መቆጣት ፈልጌ ነበር፣ አቅም አጣሁ። እኔ ውሃ ልጠጣ ብዬ የወጣሁበትን በር አንቺ ገባሽበት። ይህን ሳስብ በምን አፌ እቆጣሻለሁ?

እስካሁን ግቢው ውስጥ ናቸው። ይህን የምጽፈው ጓዳ ገብቼ ነው። ጤናሽን ጻፊልኝ። ረጅም አይሁን፣ ደህና ነኝ በይ ብቻ። ቶሎ።

አባትሽ


የካቲት 18 ቀን 2001 ዓ.ም.
ዲላ

ለምወድዎ አባቴ፣

ጽሕፈቱ የአክሱማዊት ነው፣ ቃሉ የኔ ነው። እጄ ትንሽ ስለሚንቀጠቀጥ ነው እንጂ ሌላ ነገር እንዳይመስልዎ። ትኩሳት ነው። ክሊኒክ ወስደውኝ ወባ ነው አሉ፣ ክኒን ሰጥተውኛል። እናንተ ደጋ ሆናችሁ አታውቁትም እንጂ ዲላ በዚህ ወቅት ይሞቃል፣ ከዶርማችን ሌሎች ሁለት ልጆችም ታመዋል። እነሱ ስለ ደን ምንም ያሉት ነገር የለም፤ ይህን ልብ ይበሉልኝ።

ፈተና ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ እደርሳለሁ። ለእማዬ ትኩሳቱን አይንገሯት። ለቀስተኞቹንም ቡና ጠጥታችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ይበሉልኝ።

መሰለች

አባባ፣ ከዚህ በታች ያለውን እሷ አላለችም። እኔ አክሱማዊት ነኝ። ክኒኑን ታስመልሰዋለች። አራት ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ዛሬ መርፌ ሊጀምሩላት ነው። በእንቅልፏ በእናንተ ቋንቋ ታወራለች፣ ከብዙ ሰዎች ጋር የምታወራ ነው የሚመስለው፤ ምን እንደምትል አይገባኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መደበቅ አልቻልኩም።


የካቲት 23 ቀን 2001 ዓ.ም.
ከቤታችን

አክሱማዊት ልጄ፣ ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ተኝታ ከሆነ ቀስቅሻት።

ለልጄ ለመሰለች፣

እንዴት አደርሽ? ትኩሳቱስ? ጥጃው አድጓል፣ ቡናው አብቧል፣ እናትሽ ደህና ናት ለማለት ያህል ደህና ናት። ሳዳም ዛሬ የሚያደርስልሽ ማር ከእሷ ነው። ራሴ ይዤልሽ ብመጣ እወድ ነበር። ለምን እንዳልመጣሁ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤው የደረሰኝ ትናንት፣ እሑድ፣ ከአምልኮ ስንወጣ ነው። እዚያው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ቤት አልገባሁም፣ ቀጥታ ወደ ሶንጎው ሄድኩ። በራሶን ጠየቅኩት። የልጄን ቃል በእኔ ቃል መመለስ ይቻላል ወይ አልኩት። አይቻልም፣ የተባለ ተብሏል አለኝ። ሃይማኖቴን ስለሚያውቅ ሊያዝንልኝ ፈልጎ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የነገረኝ። እሺ፣ በአንድ ዘመን ሁለት ሰው የኔ ነው ቢልስ፣ ቀድሞ የሚወሰደው ማን ነው አልኩት። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩበት። በመጨረሻ በራሶ፣ በእኛ ዘንድ ሲበላም ሲጠጣም ሲቀመጥም ቅድሚያው የታላቅ ነው፣ በዚህም ከዚያ የተለየ ልማድ ልንፈጥር አንችልም አለ።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሁሉም እያዩኝ ምንጩ ድረስ ገባሁ። ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ጠርቼ፣ የኔ ነው አልኩ። እንዳይጠራጠሩ ሦስት ጊዜ አልኩት። ያን ለት ጸሐፊው ፊት እንቢ ያለኝ አፍ ነው፤ ትናንት አልተደናቀፈም። ያን ጊዜ ስለ ራሴ ነበር የማስበው።

ለቅሶው ወደ እኔ ዞሯል። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ ከለቀስተኞቹ ጋር ቆጮ በላሁ፣ መልካም ሰው ነበር እያሉ ሲያወሩልኝ ሰማሁ፤ አንዳንዱን ውሸት ላርም ፈልጌ ነበር፣ ተውኩት። ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬ ጠዋት የጸሐፊነቱን መዝገብ ወስዶብኛል። በእነሱም አልፈርድም። በሕይወቱ የተለቀሰለት ሰው ከግቢው አይወጣም፤ ዲላ ልመጣ ያልቻልኩት ለዚህ ነው። እናትሽ እስካሁን አላናገረችኝም፣ ግን ማሩን የቋጠረችልሽ ፊቴ ላይ ነው።

ወባም ይሁን ሌላ፣ ስሙን አንቺ ታውቂያለሽ፣ ተምረሻል። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ አንቺ ሃያ ነሽ። ስለዚህ መርፌሽን ጨርሺ፣ ምግብ ቅመሺ፣ ለፈተናሽ ድረሺ። ተራው የአንቺ አይደለም።

መልስ ስትጽፊ ፖስታው ላይ የእናትሽን ስም አድርጊ። የሚያነብላት ሰው አይጠፋም።

አባትሽ ዳምጠው